የቤተ መጻሕፍቱ በር በምሳ ሰዓት ለምን ይዘጋል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በማስተምርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ተማሪ መታወቂያውን አስይዞ የተዋሰውን መጽሐፍ እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንብቦ ይመልሳል፤ መምህር ግን ፈርሞ ወደ ቤቱ መውሰድ ይችላል። አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ላይ አራት ተማሪዎች አቀርቅረው ሲያነቡ ማየት የተለመደ በመሆኑ፣ መጽሐፍ እንዳይወጣ መከልከሉን አልቃወምም። የምቃወመው በሩ በምሳ ሰዓት መዘጋቱን ነው፤ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከክፍል የሚወጣው፣ የከሰዓት በኋላውም ቀደም ብሎ የሚደርሰው በዚያው ሰዓት ነውና።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከፊል በኮምፒውተር የሚሰጥ ሆኖ ሳለ፣ በንባብ ክፍሉ ጥግ የተደረደሩት 6 ኮምፒውተሮች አቧራ እንዳይነካቸው በጨርቅ እንደተሸፈኑ ናቸው (የጨርቁ ቀለም ራሱ በአቧራ ጠፍቷል)። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ መዝገብ የምትይዘውም፣ የተገነጠለ ገጽ የምትለጥፈውም፣ ለመምህራን ማጣቀሻ ፈልጋ የምታወጣውም ብቻዋን ስለሆነ ምሳዋን ልትበላ በሩን ብትዘጋ አይፈረድባትም። አስተዳደሩ ሁለተኛ ሠራተኛ እስኪመድብ ድረስ፣ እኛ መምህራን በምሳ ሰዓት በተራ ልንተካት እንችላለን፤ እኔ የማክሰኞውን ተራ እወስዳለሁ።

የታሪክ መምህር፣ ከአዲስ አበባ