ለአባቴ፦ ቦይለሩ ውሃ ከመሞላቱ በፊት

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ ደህና ናት?

የቤቱ ማሞቂያ፣ ውሃ የሚያሞቀው ቦይለርና ሙቀቱን ለክፍሎቹ የሚሰጡት ራዲያተሮች፣ ቤት መድረሳቸውን ሰማሁ። በስልክ ብነግርዎ ግማሹ ስለሚረሳ፣ ሠራተኞቹ ሥራ ሳይጀምሩ ይህን ወረቀት አጠገብዎ ያድርጉልኝ። ጋዙን፣ ኤሌክትሪኩንና የጭስ ማውጫውን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተዉለት፤ እሱ ላይ እጅዎን አያስገቡ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወልም ሳይገጠም እሳቱ እንዳይለኮስ። የውሃውን ነገር ግን እርስዎ ራስዎ ጠንቅቀው ቢያውቁት እወዳለሁ። ቦይለር ከተተከለ በኋላ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው ከእሳቱ ሳይሆን ከአየርና ከግፊት ነው።

በራዲያተሮቹ ውስጥ የሚዞረው ውሃ አይጠጣም፣ አይታጠቡበትም። ቦይለሩ ያሞቀዋል፣ ፓምፑ ይገፋዋል፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞቃል፤ ያው ውሃ ለዓመታት ይዞራል። መጀመሪያ ሲሞላ አብሮት የገባው ኦክስጅን ትንሽ ብረት አዝጎ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃው ብረቱን እምብዛም አይጎዳም። በየጊዜው ውሃ የሚጨመርበት መስመር ግን በየጊዜው አዲስ ኦክስጅንና አዲስ ኖራ ይገባበታል። ራዲያተር ሥር ጥቁር ጭቃ የሚጠራቀመው፣ የቦይለሩም ሆድ ቅርፊት የሚይዘው በዚህ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር አንዴ በደንብ ሞልቶ መተው ነው። «ግፊቱ ሲወርድ ትንሽ ውሃ ይጨምሩበት» የሚል ሠራተኛ ካጋጠመዎ፣ የበፊቱ ውሃ የት ሄደ ብለው ይጠይቁት።

ሲገጥሙ ቆመው የሚያዩ ከሆነ መጀመሪያ ሴፍቲ ቫልቩን፣ ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ ውሃ የሚያፈሰውን፣ ይዩልኝ። በቤት ቦይለር ላይ አብዛኛውን ጊዜ 3 ባር ላይ የሚከፈት ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። በእሱና በቦይለሩ መካከል ምንም መዝጊያ ቫልቭ መኖር የለበትም። የሚያፈስበት ቧንቧ ከቫልቩ አፍ አይጥበብ፤ ወደ ታች ወርዶ ሰው በማያቃጥልበት፣ ነገር ግን ቢንጠባጠብ በሚታይ ቦታ ይለቅ። ጫፉ ላይ የብሎን ጥርስ አይውጣለት፤ ጥርስ ካለው አንድ ቀን ጠብታው የሰለቸው ሰው ክዳን ያስርበታል።

ፓምፑ ላይ ያለው ቀስት ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፣ ዘንጉም አግድም ይተኛ። እንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ የሚለሰልሰው በውስጡ በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ፣ ዘንጉ ሽቅብ ከቆመ አየር ጫፉ ላይ ተጠራቅሞ ያደርቀዋል። ቦታውም ቢሆን እንደተገኘ አይደለም። ኤክስፓንሽን ታንኩ፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ የሚሰፋውን የሚቀበለው ታንክ፣ የተያያዘበት ነጥብ ላይ፣ ፓምፑ ቢሠራም ባይሠራም ግፊቱ አይለወጥም። ፓምፑ ከታንኩ ቀጥሎ ተገጥሞ ውሃውን ከታንኩ ወዲያ ሲገፋ ጉልበቱ በመስመሩ ግፊት ላይ ይጨመራል። ወደ ታንኩ የሚገፋ ከሆነ ግን ያው ጉልበት ከመስመሩ ላይ ይቀነሳል፤ ፎቅ ላይ ግፊቱ ከውጭው አየር በታች ሊወርድ ይችላል፣ ያን ጊዜ ማስተንፈሻው (አየር የሚለቀቅበት ትንሽ ቀዳዳ) አየር ማስወጣቱን ትቶ ያስገባል። አየሩ በየጊዜው ወጥቶ በየጊዜው የሚመለስበት ቤት ካጋጠመዎ መጀመሪያ ይህንን ይጠርጥሩ።

ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ኦክስጅን የማያሳልፍ ሽፋን እንዳለው ላዩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ሽፋን የሌለው ቧንቧ ውሃ ሳያፈስ አየር ያሳልፋል፤ ብረቱ ሲዝግ ዓመታት ያልፋሉ እንጂ ማንም አያውቅም። በተመላሹ ቧንቧ ላይ፣ ውሃው ቦይለር ከመግባቱ በፊት፣ ማግኔት ያለው ማጣሪያ ያስገጥሙ። በቦይለሩ፣ በፓምፑና በማጣሪያው ግራና ቀኝ ቦል ቫልቭ (በእጀታ የሚዘጋ መዝጊያ) ይኑር፤ አለበለዚያ አንድ ፓምፕ ለመቀየር ቤቱን ሙሉ ውሃ ማፍሰስ ሊኖርብዎ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ችላ ወደሚለው ወደ ኤክስፓንሽን ታንኩ ልምጣ። ውሃ ከ10 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 2.9 በመቶ ያህል ይሰፋል። መስመሩ 120 ሊትር ቢይዝ 3.5 ሊትር ገደማ መሄጃ ይፈልጋል ማለት ነው። ታንኩ በመሃሉ ላስቲክ አለው፤ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላው በኩል የተነፋ አየር። ውሃው ሲሰፋ ላስቲኩን ይገፋና አየሩ ይታመቃል። ታንኩ 18 ሊትር ከሆነና በ1 ባር ተነፍቶ መስመሩ በ1.2 ባር ከተሞላ፣ 80 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ 1.8 ባር አካባቢ ይቆማል። ታንኩ 12 ሊትር ቢሆን 2.2 ባር ይደርሳል፤ ይሄም ያስኬዳል። 8 ሊትር ቢሆን ግን 3 ባርን ያልፍና ሴፍቲ ቫልቩ በሞቀ ቁጥር ያፈሳል። ሻጩ «ትንሹም ይበቃል» ቢልዎ ይህን ሒሳብ ያሳዩት።

የሚነፋበትን ልክ የሚወስነው የቤቱ ከፍታ ነው። ከቦይለሩ የግፊት መለኪያ እስከ ላይኛው ራዲያተር አናት ድረስ በሜትር ይለኩ። 10 ሜትር የውሃ ቁመት ወደ 1 ባር ይጠጋል፤ ስለዚህ ሜትሩን ለ10 አካፍለው 0.4 ይጨምሩ። ከፍታው 6 ሜትር ከሆነ 1 ባር ይመጣል፤ ታንኩ በዚያ ይነፋል፣ ውሃው ደግሞ ከዚያ 0.2 ከፍ ብሎ በ1.2 ባር ይሞላል። ታንኩ የሚለካው ውሃ ሳይገባበት፣ ወይም የውሃው ግፊት ዜሮ ሲሆን ነው። በውሃ ግፊት ላይ እያለ የመኪና ጎማ ግፊት መለኪያ ቢሰኩበት የሚያሳይዎ የውሃውን ግፊት እንጂ የተነፋውን አየር አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፋብሪካ ተነፍቶ መጥቷል ቢሉዎም ይለኩት፤ መጋዘን ሲቀመጥ ይተነፍሳል።

መስመሩ ከተበየደና ከተጠበቀ በኋላ ቦይለሩና ታንኩ ተዘግተው ቧንቧዎቹና ራዲያተሮቹ ብቻ ይታጠቡ። አዲስ ቧንቧ ውስጥ የመበየጃ ቅባት፣ የብረት ፍርፋሪና አሸዋ አይጠፋም። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ እስከ 4.5 ባር ድረስ ይገፋና ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ቦይለሩ ክፍት ሆኖ ይህ አይሞከርም፣ ሴፍቲ ቫልቩ 3 ላይ ይከፈታል። መለኪያውን ብቻ አይመኑ፤ ደረቅ ሶፍት ይያዙና እያንዳንዱን ጆይንት (መገጣጠሚያ) ከሥር ዞር አድርገው ይጥረጉ። ዓይን የማያየውን ጠብታ ወረቀቱ ላይ እንደ ነቁጥ ያገኙታል። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ሁሉ ከዚህ በፊት እንዳይደፈን።

ለመሙላት ሲደርሱ የቦይለሩና የፓምፑ ኤሌክትሪክ ይጥፋ። ደረቅ ፓምፕ በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል። የታንኩና የቦይለሩ ቫልቮች ይከፈቱ፣ የራዲያተሮቹ ቫልቮች ሁሉ እስከ መጨረሻው ይከፈቱ፣ የማስተንፈሻዎቹ ብሎኖች ይዘጉ፣ የአውቶማቲክ ማስተንፈሻው ትንሽ ቆብ ግን ይላላ፤ ተጠብቆ ከቀረ አየር አያስወጣም። ከዚያ መሙያውን በትንሹ ይክፈቱ። ውሃው ቀስ ብሎ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ከፊቱ ይሸሻል፤ በኃይል ከገባ ግን አየሩን ፈጭቶ አረፋ ያደርገዋልና ለማውጣት ቀናት ይወስዳል። 1 ባር አካባቢ ሲደርስ ዘግተው ከታችኛው ፎቅ ራዲያተር ይጀምሩ። ቁልፉን ሩብ ዙር ያህል ብቻ ያዙሩት፣ ጨርቅ ከሥሩ ይያዙ። መጀመሪያ ይነፋል፣ ቀጥሎ እየተፋ ይወጣል፣ በመጨረሻ ሳይቆራረጥ ቀጭን ውሃ ይፈሳል፤ ያን ጊዜ ይዝጉ። ብሎኑ ናስ ስለሆነ ጠበቅ እንጂ ድርቅ አያድርጉት። በየሁለት ሦስቱ ራዲያተር ወደ መለኪያው ተመልሰው ግፊቱን ይዩ፤ ከወረደ ይጨምሩ፣ አለበለዚያ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ብሎኑ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ፓምፑ እየሠራ ማስተንፈስ የለም።

ወለል ሥር የተዘረጋ ቧንቧ ካለ በዚህ መንገድ አይሆንም፤ አየሩ ሽቅብ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ከፍተው ሌላውን ይዝጉ፤ በመሙያውና በማፍሰሻው መካከል ያለው ቫልቭ ይዘጋ፣ ውሃው ዙሩን ሁሉ ጨርሶ በጎማ ወደ ባልዲ እንዲወጣ። የጎማው ጫፍ ባልዲው ውስጥ ካለው ውሃ በታች ይጥለቅ፤ አረፋው እስኪቆም ይጠብቁ፣ ከቆመም በኋላ ትንሽ ያቆዩት፣ ሩቅ የነበረ አየር ዘግይቶ ይመጣል። እዚህ ላይ ከራዲያተሩ በተቃራኒ ውሃው ፈጠን ማለት አለበት፤ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል ካልሄደ አየሩን ቁልቁል አይገፋውም።

መድኃኒቱን፣ ማለትም ዝገት መከላከያውን፣ ከታጠበ በኋላ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ያስጨምሩ። የቦይለሩ ሆድ አሉሚኒየም ከሆነ ለአሉሚኒየም የሚሆነው ብቻ ይግባ። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ያለ ሙቀት የሚቀር ከሆነ ፀረ በረዶ ያስፈልጋል፤ የመኪና ፀረ በረዶ ግን አይሆንም፣ መርዝም ነው።

ፓምፑ መጀመሪያ በቀዝቃዛው ይዙር፤ ከዚያ ቆሞ አንድ ጊዜ ይተንፈስ። እሳቱ ሲለኮስ መጀመሪያ ወደ 50 ዲግሪ፣ ቀጥሎ ወደ 80 ይድረስ። ድስት ሳይፈላ ግድግዳው ላይ ጥቃቅን አረፋ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ይህም ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሟሟውን አየር ይለቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራዲያተር ቢንኳኳ፣ ፎቅ ላይ ያለው አናቱ ቢቀዘቅዝ፣ ግፊቱም ትንሽ ቢወርድ አይደንግጡ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ አስተንፍሰው ወደ 1.2 ይመልሱት። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ያለ ነው። ከዚያ የመሙያው ጎማ ይነቀል። ተገጥሞ ከቀረ ቫልቩ ቢያሳልፍ ግፊቱ ሳይታወቅ ይወጣል፣ የመስመሩም ቆሻሻ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ሊመለስ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚያዩት ምልክት ሁሉ ይናገራል። ራዲያተሩ ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አየር ነው፤ ከታች ቀዝቅዞ ከላይ ከሞቀ ጭቃ ነው፣ ማስተንፈስ አይጠቅመውም፣ መታጠብ አለበት። ግፊቱ በሞቀ ቁጥር ወደ 3 ባር ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ከ1 በታች የሚወርድ ከሆነ ታንኩ ተንፍሷል። የአየር መሙያውን ጫፍ በካቻቢቴ ጫን ያድርጉት፤ አየር ከወጣ ይነፋል፣ ውሃ ከወጣ ላስቲኩ ተቀዷልና ይቀየር። ቀዝቅዞም ግፊቱ ከፍ እያለ ከሄደ የመሙያው ጎማ ሳይነቀል ቀርቶ መሙያ ቫልቩ ያሳልፋል። ቦይለሩ እንደ ጀበና ቢጮህ ቅርፊት ይዟል ወይም ውሃው በቂ አይዞርም። ክረምቱ ሲጀምር ፓምፑ እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ዘንጉ ተጣብቋል፤ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ባለሙያው በካቻቢቴ ያላቀዋል።

አንዱን ግን በምንም ምክንያት አይርሱ። ግፊቱ ዜሮ ወርዶ ቦይለሩ እየነደደ ቢያገኙት ቀዝቃዛ ውሃ አይልቀቁበት። ቀልጦ በቅርጽ ከተቀዳ ብረት (ካስት አይረን) የተሠራ ሆድ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ባዶ ሆኖ የጋለ ውስጥ የገባ ውሃም በአንዴ ይተንናል። እሳቱን ያጥፉ፣ በእጅ የሚነካ እስኪሆን ይጠብቁ፣ ከዚያ ባለሙያ ይጥሩ።

ሥራው እንዳለቀ የታንኩን ሊትርና የተነፋበትን ልክ፣ ቀዝቃዛ ሳለ የተሞላበትን ግፊት፣ በ80 ዲግሪ የደረሰበትን፣ የገባውን መድኃኒትና ቀኑን በወረቀት ጽፈው ቦይለሩ ጎን ላይ ይለጥፉልኝ። ሁለቱን ቁጥሮች፣ የቀዝቃዛውንና የሙቁን፣ ለእኔም በስልክ ይንገሩኝ፤ ታንኩ በቂ መሆን አለመሆኑን ከዚያ አውቀዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ