እህትዬ፣ ሙሉ ቀን አትጠብቂ

እህትዬ እንዴት ነሽልኝ? ልጁስ? እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ማየት ጀመርሽ ወይስ ገና ነው? እኛ ጋር ሁሉም ደህና ነው፣ ትልቋ ማንበብ ጀምራለች፣ ትንሹ ደግሞ ወሬኛ ሆኖልሻል፣ ቀኑን ሙሉ አፉ አይዘጋም። ስንቱ ጊዜ አለፈ በናትሽ። አንቺ ትጽፊያለሽ ብዬ እኔ ስጠብቅ፣ እኔ እጽፋለሁ ብለሽ አንቺ ስትጠብቂ ይመስለኛል እንዲህ የተጠፋፋነው፣ እኔ ቂም የለብኝም አንቺም እንደሌለብሽ አውቃለሁ፣ ኑሮ ነው በቃ።

የጻፍኩልሽ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። መጨረሻ የላክሽልኝ መልእክት ላይ «ልጁ ከፍ እስኪልልኝ ሥዕሉን አስቀምጬዋለሁ፣ ሙሉ ቀን ሳገኝ እመለስበታለሁ» ያልሽው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ያንቺን የመሰለ እጅ ያለው ሰው ሙሉ ቀን እስኪያገኝ ከጠበቀ ዓመታት ይሄዳሉ፣ ምክንያቱም ልጅ ባለበት ቤት ሙሉ ቀን የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ቁርጥራጭ ሰዓት ነው፣ እና እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ በቁርጥራጭ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ስማር ነው የቆየሁት ማለት ትችያለሽ። እሱን ልንገርሽ።

አሁን አብዛኛውን ሥራዬን የምሠራው በታብሌት ነው። የመጽሐፍ ሽፋን፣ የልጆች መጽሐፍ ሥዕሎች፣ አንዳንዴ ፖስተር። ድሮ ቀለም ለማውጣት፣ ሸራ ለማዘጋጀት፣ ብሩሽ ለማጠብ የሚሄደው ሰዓት ብቻውን የሕፃኗን እንቅልፍ ይጨርሰው ነበር፣ ገና ቀለሙን ፓሌቱ ላይ ስቀላቅል ትነቃለች። ታብሌቱን ግን ትከፍቺዋለሽ፣ ትናንት ያቆምሽው መስመር ላይ ትጀምሪያለሽ፣ ልጅ ሲያለቅስ ትዘጊዋለሽ። ሕፃን የሚደርስበት ተርፔንታይን፣ ያ የቀለም ማቅጠኛው፣ የለ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚደፋ ነገር የለ። ደግሞ መብራት አይፈልግም! እንግሊዛዊውን ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒን ታስታውሽዋለሽ አይደል፣ በፈረንጆቹ 2009 በአይፎን መሣል ሲጀምር ዕድሜው ከሰባ አልፏል፣ በ2010 አይፓድ ሲወጣ ደግሞ ወደሱ ዞረ፣ እና ጎህ ሲቀድ ከአልጋው ሳይወርድ መብራት ሳያበራ በመስኮቱ የሚያየውን ይሥል ነበር፣ ስክሪኑ የራሱ ብርሃን ስላለው። ይሄን ነገር ትንሹን ጡት ሳጠባ ነበር የማስበው። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ እሱ ክንዴ ላይ ተኝቶ፣ በአንድ እጄ የሣልኳቸው ንድፎች ዛሬም አሉኝ፣ በኋላ ሽፋን ሆነው የታተሙም አሉ ከውስጣቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሥዕል ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሥራ ውስጡ ሁለት ዓይነት ሥራ ነው ያለው፣ ይሄን መለየት ለኔ ሁሉንም ነገር ቀይሮታል። አንደኛው ማሰብ የሚፈልገው ነው፣ ቅንብሩ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ምኑ ወደፊት ወጥቶ ምኑ እንደሚደበቅ፣ የትኛው ቀለም ገዢ እንደሚሆን። ይሄኛው አንዴ ከተቋረጠ ጠፋ፣ «እማዬ» የሚል አንድ ድምፅ ይበቃዋል፣ መልሰሽ እዛው ሐሳብ ውስጥ ለመግባት ብዙ ደቂቃ ነው የሚፈጅብሽ። ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው፣ መስመር ማጥራት፣ ቦታዎቹን በመሠረት ቀለም መሙላት፣ ሌየር መለየት (ሥዕሉ ላይ እንደ ስስ ወረቀት የሚደራረበውን ማለቴ ነው)፣ የቅጠሉን ድግግሞሽ መጨረስ። ይሄኛውን ልጅ ጭንሽ ላይ ተቀምጦ እየለፈለፈ፣ አስር ጊዜ እየተነሳሽ እየተቀመጥሽ ትሠሪዋለሽ፣ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ጸጥታ ባገኘሁ ቁጥር፣ እነሱ ሳይነሱ ባለችው የጠዋት ሰዓት ማለቴ ነው፣ የማስበውን ብቻ ነው የምሠራባት፣ በትንንሹ እየነደፍኩ እወስናለሁ፣ ኢሜይል አልመልስም፣ ቀለም አልሞላም። ጩኸት ያለበትን ሰዓት በሙሉ ለእጅ ሥራው እሰጠዋለሁ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ነው የሚያደርገው፣ ጸጥታ ሲገኝ መጀመሪያ መልእክት ይመልሳል፣ ፋይል ያስተካክላል፣ ከዛ ቤቱ ሲንጫጫ ቅንብር ላስብ ይላል። እንዴት ሊሆን ይችላል።

ስለ ሩት አሳዋ አንብቢ እስቲ፣ በሽቦ ቅርጽ የምትሠራዋ አሜሪካዊት። ስድስት ልጆች አሳድጋለች። በፈረንጆቹ 1947 ሜክሲኮ ሄዳ የሽቦ ቅርጫት እንዴት እንደሚሠራ ተማረች፣ ከዛ ያንኑ አሠራር ይዛ ከጣሪያ የሚንጠለጠሉትን ቅርጾቿን ሠራች፣ እቤቷ፣ ልጆቿ ዙሪያዋን እየተጫወቱ። ሽቦውን ቀለበት በቀለበት ነው የምታያይዘው፣ እና እኔ ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ አሠራር ለእናት ምን ያህል እንደሚመች ነው፣ የትኛውም ቀለበት ላይ ማቆም ይቻላል፣ ስትመለሺ ቀጣዩ ቀለበት የት እንደሆነ ራሱ ሥራው ይነግርሻል። የኛ ሥራ እንዲህ ዓይነት ምልክት የለውም፣ ስለዚህ እኔ ራሴ አደርግለታለሁ፣ ታብሌቱን ከመዝጋቴ በፊት ከላይ አንድ ሌየር ጨምሬ በትልቁ እጽፍበታለሁ፣ «ቀጥሎ የግራ እጇ ጥላ፣ ሰማዩን እንዳትነኪ» ምናምን። ልጅ እያለቀሰም ቢሆን ይሄን ለመጻፍ ጊዜ አለ። ስመለስ ምን ላደርግ ነበር እያልኩ አልደናበርም።

አንድ ነገር ግን ይከብዳል፣ ሳትጀምሪ ብታውቂው ይሻላል። የዘይት ቀለም መድረቅ አለበት አይደል? ያ መጠበቅ ሰውን ከሥራው ያስነሳው ነበር፣ ወደድሽም ጠላሽም ነገ ነው የምትቀጥይው፣ ማታው የቤተሰብ ይሆናል። ፋይል ግን አይደርቅም። ሁሌም ክፍት ነው፣ ሁሌም አንድ ነገር ይስተካከላል፣ በጣም አቅርበሽ ማየት ስለሚቻል ማንም የማያየውን ጥፍር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስታስተካክይ ትገኛለሽ። ወደኋላ መመለሻ በተኑም እንደዛው ነው፣ መወሰንን ያዘገያል፣ ሦስት ዓይነት ቀለም አስቀምጠሽ የቱ ይሻላል ስትዪ ሌሊቱ ያልቃል። ስለዚህ የሚደርቅበትን ሰዓት እኔው ወስኛለሁ፣ እራት ከቀረበ በኋላ ፋይል አይከፈትም፣ ማስረከቢያ ቀን ካልደረሰ በስተቀር። እና በሳምንት አንዴ ወረቀትና ውሃ ቀለም አወጣለሁ፣ ለሽያጭ ሳይሆን እጄ ክብደትና እርጥበት እንዳይረሳ። ኮምፒውተሩና እጅ ጠላት አይደሉም፣ ሠዓሊዋን ጁሊ ምሕረቱን እይያት፣ የዜና ፎቶዎችን በኮምፒውተር አደብዝዛ ሸራው ላይ መነሻ ታደርጋቸዋለች፣ ከዛ በላዩ ላይ በእጇ ነው የምትሠራው፣ ሁለቱም አንድ ሥዕል ውስጥ አሉ።

ከሁሉም በላይ ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ስለ ልጆቹ ነው። ሸራ ላይ ስትሥዪ ልጅሽ እየሣልሽ እንደሆነ ያያል፣ ቀለሙ ይሸተዋል፣ ብሩሹን ያያል፣ ሥዕሉ በየቀኑ ሲለወጥ ያያል። ታብሌት ላይ ስትሥዪ ግን የሚያየው እናቱ ስክሪን ላይ አቀርቅራ ነው፣ እየሠራሽ ይሁን ከሰው ጋር እያወራሽ ይሁን ቪዲዮ እያየሽ ይሁን ከፊት ለፊት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቀን ትልቋ አባቷን «እማዬ ስልክ ታያለች፣ እኔ ግን አይፈቀድልኝም» ስትለው ሰማኋት። ልክ ናት፣ ከሷ ቦታ ሆነሽ ስታዪው እንደዛ ነው የሚመስለው። ከዛ ወዲህ ሥራዬ እንዲታይ ነው የማደርገው። ልጀምር ስል በአፌ እናገራለሁ፣ «አሁን የዝሆኑን ገጽ ልሠራ ነው» እላቸዋለሁ፣ ስጨርስም አሳያቸዋለሁ። መልእክትና ማኅበራዊ ሚዲያ ታብሌቱ ላይ ጨርሶ የለም፣ አጥፍቼዋለሁ፣ ታብሌቱ መሣያ ብቻ ነው፣ ይሄንን እነሱም ያውቃሉ። እና ፕሮክሪኤት የሚባለው አፕ ስትሥዪ ራሱ ታይምላፕስ ይቀርጻል፣ ሥዕሉ ከባዶ ጀምሮ እንዴት እንደተሠራ በፍጥነት የሚያሳይ ቪዲዮ ማለት ነው፣ ማታ ማታ እሱን አብረን እናያለን፣ ባዶው ነጭ ገጽ ላይ መስመሩ ሲመጣ፣ ሲጠፋ፣ ዝሆኑ ቦታ ሲቀይር፣ ትንሹ «እዚህ ጋ እኔ አለቀስኩ» ይላል ሥራው የተቋረጠበትን እየገመተ። ትልቋ ደግሞ ትተቸኛለች በእውነት፣ «የበፊቱ ጆሮ ይሻል ነበር» ብላኝ ታውቃለች፣ መልሼ ሳየው የበፊቱ ይሻል ነበር፣ እሱን ነው ያስረከብኩት።

ባለቤቴ ጋርም በግልጽ ተነጋገርን። ቤት የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ያለ ይመስላል፣ በር ሲንኳኳ የምትከፍተው እሷ፣ ትምህርት ቤት ሲደውል የምትሄደው እሷ። የጋራ ካላንደር ስልካችን ላይ አድርገን የኔንም ሰዓት እንደሱ ስብሰባ አስገባነው፣ «ሥዕል» ብሎ ሳይሆን የሥራውን ስም፣ የሚሰጥበትን ቀን ጭምር። ይሄ ብቻውን ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርቷል። አንቺም እንደዚህ አድርጊ፣ ባልሽ ጥሩ ሰው ነው፣ ካየው ይገባዋል።

ስለ ዕቃው በአጭሩ፣ ውድ ነገር አትግዢ መጀመሪያ። ክሪታ የሚባለው የመሣያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ኮምፒውተር ላይም አንድሮይድ ታብሌት ላይም ይሠራል። ገጹን ስትከፍቺ ለኅትመት ከሆነ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚገባው ነጥብ ብዛት) አድርጊው፣ ኤ4 ማለት 2480 በ3508 ፒክሰል ነው፣ በትንሹ ጀምረሽ በኋላ ብታሳድጊው ይደበዝዛል። ገጹ በጣም ሲተልቅ ደግሞ የታብሌቱ ሚሞሪ ስለማይችለው የሌየር ቁጥር ያንስብሻል፣ እንዳትደነግጪ። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ሲታተም ይሞታል፣ ስለዚህ ሳትልኪ በፊት ሲኤምዋይኬ በሚባለው የማተሚያ ቤት ቀለም አድርገሽ እይው። ሥራሽን በጄፔግ እያስቀመጥሽ እየከፈትሽ አትሥሪ፣ ባስቀመጥሽው ቁጥር ጥራት ይቀንሳል። ባክአፕ ሦስት ቦታ ይኑርሽ፣ አንዱ ከቤት ውጪ፣ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ታብሌት መውደቁ አይቀርም።

ስለ ኤአይ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ፣ ትጠይቂኛለሽ መቼም። በፈረንጆቹ 2022 እነ ስቴብል ዲፊውዥን፣ በጽሑፍ ሲታዘዙ ምስል የሚያወጡት ፕሮግራሞች፣ ሲወጡ በጣም ነው የተናደድኩት፣ አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። ስቴብል ዲፊውዥን የተማረበት ላዮን የሚባለው ስብስብ ከአምስት ቢሊዮን በላይ ከኢንተርኔት የተለቀሙ ሥዕልና ፎቶዎች የተዘረዘሩበት ነው፣ የሠሩትን ሰዎች ማንም አልጠየቃቸውም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ግሌዝ የሚባል ፕሮግራም አውጥተዋል፣ ሥዕሉ ላይ ለዓይን የማይታይ ለውጥ አድርጎ ማሽኑ ስታይልሽን እንዳይማር ያስቸግረዋል፣ ኦንላይን ከመለጠፌ በፊት እሱን እጠቀማለሁ። የኤአይ ነገር ቤታችን ድረስ የገባው ግን በሰዓት በኩል ነው። ደንበኞች በደቂቃ የሚወጣ ምስል አይተው ስለሚመጡ «እስከ ነገ አይደርስም?» ማለት ለምደዋል፣ ያ «ነገ» ደግሞ የሚቆረጠው ከልጆቼ ማታ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራ ስቀበል ቀኑን የምናገረው እኔ ነኝ፣ ካልተስማሙ ይቅር እላለሁ፣ የቀረብኝም ሥራ አለ፣ አላዝንበትም። ደረሰኝና ኢሜይል ማርቀቅ ላይ ማሽኑ ይርዳኝ፣ እሰየው። ዝሆኑን ግን እኔ ነኝ የምሥለው።

በይ እንግዲህ፣ ይሄን ሁሉ የለፈለፍኩት አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ልጁ ሲተኛ ልብሱን አታጥፊ፣ ቤቱን አታስተካክዪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እርሳስ አንሺና የተኛውን ልጅ ሣዪው። ተነስቶ ካቋረጠሽ ከነመቋረጡ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ግማሽ ፊት ቢሆን ግማሽ ፊት ነው የምፈልገው። እኔም የዚህን ሳምንት የውሃ ቀለም እልክልሻለሁ፣ አስተያየትሽን እንደ ድሮው ሳትራሪ ስጪኝ፣ በተለይ ጥላዎቹ ላይ፣ እዛ ላይ ካንቺ የተሻለ ዓይን አላየሁም እስካሁን። እሁድ ከሰዓት እደውልልሻለሁ፣ ካልተመቸሽ በድምፅ መልሺልኝ። ልጁን ሳሚልኝ፣ ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ።

በጣም የምትናፍቅሽ እህትሽ