የመኪና ጥገና ክበብ፦ ሃይሉክሷን ዝቅ ያደረግንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ባትሪ መፈተሽ ተለማምዷል፤ ዘይት መቀየርም እንደዚሁ። የወላጆች ቀን ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ አሳይተናል። ልጆቹን ብትጠይቋቸው ግን የሚያወሯችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ትምህርት ቤቱ አሮጌ ሃይሉክስ።

ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ፊቷን ሰቅሎ መልሷታል። መጥፎ መንገድ ላይ ሆዷ እንዳይነካ ተብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ባዶዋን ስትሄድ ትዘላለች። ማታ መብራቷ የፊት ለፊቱን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ሾፌራችን "ወገቤን ጨረሰችው" ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።

የልጆቹ ፍላጎት ሌላ ነበር። ቲክቶክ ላይ አስፋልት ሊልሱ የደረሱ ፒክአፖች አይተዋል። "ቲቸር፣ እንደዚህ እናድርጋት!" አንዷ ተማሪ የነገሩን ታሪክ አጥንታ አቀረበችልን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ሞላ እየቆረጡ፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ መኪናቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ካሊፎርኒያ በ1958 እ.ኤ.አ. የመኪናው አካል ከቸርኬው (ጎማው ከሚታሰርበት ብረት) ታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ በሕግ ከለከለች። እነሱም በዘይት ግፊት መኪናውን የሚያነሳና የሚያወርድ ሃይድሮሊክ ገጠሙ፤ ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ሲያልፍ ዝቅ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኛ ግን ፋብሪካው ወዳወጣው ቁመት ልንመልሳት ተስማማን፤ ከዚያ በታች የለም። የኛ ሰፈር የመንገድ ብሬከር አይምርም።

የሃይሉክሷ ፊት የሚቆመው በጥቅልል ሞላ ሳይሆን በቶርሽን ባር ነው። በቻሲው (መኪናዋን በተሸከመው የብረት አጽም) ጎን የተዘረጋ ረጅም የብረት ዘንግ ማለት ነው። አንዱ ጫፍ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር፣ ሌላው ከቻሲው ጋር ይታሰራል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ፈርዲናንድ ፖርሸ በ1931 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያስመዘገበበት አሠራር ነው፤ የድሮዎቹ ቮልሶችም የሚሄዱት በዚሁ ነው። ቻሲው ላይ በታሰረው ጫፍ አንድ ማስተካከያ ብሎን አለ። ሲጠብቅ ፊቷ ይነሳል፣ ሲላላ ይወርዳል። በቃ። ለዚህ አምስት ሳንቲም አይወጣም።

ልጆቹ የብሎን መፍቻ ይዘው ሲሯሯጡ መጀመሪያ ሜትር አስያዝኳቸው። የሁለቱም ጎማ ነፋስ እኩል ተደረገ። ከጎማው መሃል ከላዩ እስካለው ክዳን፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ተለካ፤ ቁጥሩ በጠመኔ እዚያው ተጻፈ። ግራው ከቀኙ ከፍ ብሎ ተገኘ። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍገው ዘይት ተቀብተው አደሩ። በማግስቱ በክሪክ አንስተን በብረት መደገፊያ አስቀመጥናት። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ብሎኖቹ በየተራ፣ በትንሽ በትንሹ ላሉ።

ከክሪክ ስትወርድ አንዱ ልጅ ፈጥኖ ለካና "ቲቸር፣ ምንም አልወረደችም!" አለ። ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ መሬት ሲነኩ የወለሉ ሲሚንቶ ይዞ ወደ ውጭ እንዳይመለሱ ያግዳቸዋል። ወደፊትና ወደኋላ ገፋናት፣ ፊቷን ጫን ጫን አደረግናት። ያኔ እጥፍ ብላ ተቀመጠች። ሜትሩ ሌላ ቁጥር አነበበ።

ገንዘቡ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዝላዩን የሚያበርዱት አሞርዛተሮች ዘይት ያንጠባጥቡ ነበር፤ በብረቶቹ መገጣጠሚያ ያሉት ጎሚኒዎችም ተሰነጣጥቀዋል። ተቀየሩ። ፊቷ ሲወርድ ጎማዎቹ ዘመም ይላሉ፣ አቅጣጫቸውም ይለወጣል። እንዲያው ብትነዳ ጎማ በአንድ ጎኑ ያልቃል፤ ከነዚህ ሁሉ ወጪዎች የከፋው ደግሞ እሱ ነው። ከግንባታ ክፍል ቱንቢና ሲባጎ ተውሰን ሞከርነው። ቱንቢውን ከፓራፋንጎው አንጠልጥለን የቸርኬውን የላይና የታች ርቀት ለካን። ግምታችን የጎማ አቅጣጫ ከሚያስተካክለው አላይመንት ቤት ማሽን ብዙም አልራቀም። ልጆቹ ይህን ሳምንቱን ሙሉ ሲያወሩት ሰነበቱ። መብራቷንም ከግድግዳ ፊት አቁመን ዝቅ አደረግነው።

አሁን ፊቷ ስለወረደ ኋላዋ ቂጢጥ ያለች ይመስላል። ልጆቹ ከባሌስትራው (ከኋላው ተደራራቢ የብረት ሞላ) አንድ ቅጠል እናውጣ እያሉ ነው። ሲሚንቶ የምትጭን መኪና ናት፤ አይሆንም። በመስከረም የምንጀምረው ከኋላ ፍሬኗ ነው። መመዝገብ የምትፈልጉ ቱታችሁን ይዛችሁ ኑ።