ለአብሮ አደጌ፦ ስለ ቡሄ ዳቦና ስለ ልጆቹ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 17 ቀን

ይድረስ ለውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከነልጆቼ ከነልጅ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ደኅና ነኝ። ጾመ ፍልሰታንም በሰላም ፈትተናል። የዓይንሽ ሞራ ተገፈፈ፣ አሁን አጥርታ ታያለች ሲሉኝ ብቻዬን እልል አልኩ። እንግዲህ ብጽፍላት ማንም ሳያነብላት ራሷ ታነበዋለች ብዬም ወረቀት አነሳሁ። ፊደሉን ያተለቅሁት ለአንቺ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ የእኔም ዓይን ተራውን እየጠበቀ ነው።

ስልክ ለእኔና ለአንቺ አይሆነንም። የቤተሰቡን ደኅንነት ጠያይቀን ሳንጨርስ ይቋረጣል፣ ካልተቋረጠም ከጎን ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አይጠፋም። ይህን ያህል ዘመን ዝም መባባላችን የቂም አይደለም። አንቺ ቤትሽ ፈርሶ ሰፈር ስትቀይሪ፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ባሕር ስሻገር በመሀል ተጠፋፋን፣ ይኸው ነው። እንዳንወቃቀስ።

ዋናውን ወሬ ልንገርሽ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልጆቼ ጋር ዳቦ ጋጋሪ ሆኛለሁ።

እዚህ ቤት ሁሉን ነገር ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ቴሌቪዥን ለመክፈት ትንሹን ልጅ እጠራለሁ፤ በፖስታ የመጣውን ወረቀት ትልቋ ታነብልኛለች፤ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ስለ ገዛ ሕመሜ ሌላ ሰው ይናገርልኛል። ልጆቹ ይወዱኛል፣ ያከብሩኛልም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሕፃን ሲያባብሉኝ ይታወቀኛል። ሊጥ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው፣ እኔም ጉብ ብዬ አዛለሁ።

እናታቸውን ታውቂያታለሽ፣ ወገቧን ይዛ የምታወራዋ ልጅ አሁን ነርስ ናት። ሌሊት ሥራ ታድራለች፣ ቀን ልጆች ታመላልሳለች፤ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ይነድባታል። ወጥ ቤት እንዳትገባ የከለከልናት እኛው ነን፤ ትማርልን ብለን ነበር፣ ተማረችልን። ስለዚህ ሙያው በእሷ ላይ ተሻግሮ በቀጥታ ለልጆቿ እንዲደርስ ፈረድኩ።

ዘንድሮ ቡሄን ቤታችን ጋግረን እንዋል አልኩ። የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፣ ድፎውም በየሱቁ ተቆልሎ ይሸጣል፤ ግን ገዝቶ የመጣ ዳቦ ለልጅ ምን ይነግረዋል? ነሐሴ 13 ቀን እዚህ ኦገስት 19 ላይ ስለሚውል ልጆቹ ትምህርት አልጀመሩም፣ ያ በጀኝ። ከዋዜማው ጀምሮ ስለ ችቦው፣ ስለ ጅራፉ፣ በየደጁ እየጨፈሩ ሙልሙል ስለሚሰበስቡት ልጆች ተረኩላቸው። በደብረ ታቦር ተራራ ብርሃን ሲታይ እረኞቹ መምሸቱን ሳያውቁ በሜዳ ቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ የሚለውን ስነግራቸው ትንሹ፣ «ታዲያ ስልክ አልነበራቸውም?» አለኝ። ስድስት ዓመቱ ነው።

ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፣ ነገር ሳትመዝን አታምንም። የምሬን ነው የምልሽ፤ ሚዛን ይዛ መጣች። ዱቄቱን በእፍኝ ልዘግን ስል «ቆዪ እማማ» ትልና ሳህኑን ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች። ጨው በመዳፌ ስይዝ መዳፌን ገልብጣ ትመዝናለች። ደብተሯ ላይ 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 20 ግራም ጨው፣ 650 ግራም ውኃ ብላ ጻፈች፤ እርሾውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ድምብላሉንና ኮረሪማውን በማንኪያ ለካችው። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። በኋላ ሳስበው፣ እኔ ባልፍ ይህ ደብተር ይቀራል አልኩና ተውኩላት።

ማቡካቱ ላይ ሲደረስ ግን ሚዛኑም ደብተሩም ዋጋ አጣ። «ስንት ደቂቃ ላቡካው?» አለችኝ። «እጅሽን እስኪለቅ» አልኳት። «እሱ ስንት ደቂቃ ነው?» እጅጌዋን ሰብስቤ ሁለት እጇን ሊጡ ውስጥ ከተትኩት። በመጀመሪያ እስከ አንጓዋ ተጣበቀባት፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ዱቄት ጨምሪልኝ አለች። አልጨመርኩም። በመዳፏ ሥር ወደ ፊት እየገፋች፣ መልሳ እያጠፈች፣ በቡጢ እየደለቀች ቆየች። ከዚያ ሊጡ ከጣቶቿ መሀል አንድ በአንድ ተላቀቀና ከሳህኑ ጠርዝም ለቆ ድብልብል አለ። ቀና ብላ አየችኝ። እርሳሷን አነሳችና ምን እንደምትጽፍ ግራ ገባት፤ እኔ ደግሞ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

ነጠላ በሚመስል ጨርቅ ሸፍነን ስናስቀምጠው ትንሹ ጆሮውን ለጠፈበት። እርሾ ሕይወት አለው ብላ እህቱ ነግራው ኖሮ ሲናገር ሊሰማ ነው። ሊጡ ግን እንደ አገራችን ቶሎ ኩፍ አላለም። ትልቋ ምክንያቱን ፈልጋ አገኘችው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ይሳሳል፣ ሊጡን የሚጫነው ሲያንስ ቶሎ ይነሳል። እዚህ ዝቅተኛ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ልጄ ሙቀት ፈርታ ቤቱን በማቀዝቀዣ እንደ ደብረ ብርሃን ታደርገዋለች። መብራቱ ብቻ የበራ ኦቭን ውስጥ አስገባነው፣ ተነሳ።

ኮባ ከየት መጣ ትዪኝ ይሆናል። እንሰት የለም፤ የሙዝ ቅጠል ግን የእስያ ሰዎች ሱቅ ውስጥ በረዶ ሆኖ፣ ታጥፎ፣ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ሲቀልጥ አጥበሽ እሳት ላይ ለብለብ ካላደረግሽው ስታጥፊው ይሰነጠቃል። ይህን ለትንሹ ሳሳየው፣ ቅጠሉ ሲያብረቀርቅና ሲለሰልስ እያየን ስንደነቅ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮህልሽ ጀመር! አማቼ ከእንቅልፉ ተነስቶ በፎጣ ሲያራግብ ልጁ በሳቅ ወደቀ። አሁን የሚጠይቀኝ ዳቦውን አይደለም፣ «ቅጠል መቼ እናቃጥላለን?» ነው።

ጾም ስለሆነ ቅቤም ወተትም እንቁላልም የለበትም፣ ዘይት ብቻ። ትልቋ ፊቱ እንዲያብረቀርቅ እንቁላል እንቀባው ብላ ተከራከረችኝ፤ በቅጠል ተሸፍኖ የሚጋገረውን ማን ሊያይልሽ ነው አልኳት። በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። በቀረው ሊጥ ትንሹ ሙልሙል ሠራ፤ አንዱ ሙልሙል፣ ሌላው ዳይኖሰር ነው፣ ሁለቱም ተበሉ።

ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር ባርኮ የሚቆርሰው እሱ ነበር። አማቼ አንቺ ቁረሺ አለኝ፣ እኔ ለትንሹ ሰጠሁት። አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሮ መሀል ላይ ጠፋበት፣ እህቱ በጆሮው ሹክ አለችው፣ ጨረሰ። እናቱ ሌሊት አድራ የመጣች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ቅርፊቱን እየቆረሰች ቆማ በላች።

ለጎረቤታችንም አደረስን። ከኤልሳልቫዶር የመጣች ሴት ናት። ቅጠሉን ስታይ ዓይኗ በራ፤ እነሱም ታማሌ የሚሉትን የበቆሎ ምግባቸውን በዚሁ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ይቀቅላሉ። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በስፓኒሽ፣ ልጆቹ በመሀል አስተርጓሚ ሆነው ስንሳሳቅ ዋልን። ቅጠሉ በርካሽ የሚሸጥበትንም ሱቅ አሳየችን።

ቀጣዩ ዳቦ ቆሎ ነው፤ ትንሹ ሊጡን በመቀስ መቁረጥ ይፈቀዳል ስለው እንቅልፍ አጥቷል። በርበሬ አለኝ። ኮረሪማዬ ግን እያለቀ ነው፤ ሰው ሲመጣ ካገኘሽ ሳይፈለፈል ከነልብሱ ላኪልኝ፣ የተፈጨው እዚህ ሲደርስ ጠረኑ ያልቃል። የአንቺስ የልጅ ልጆች አደጉ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ እሳት ማንደድ አይቻልም ይሉኛል፤ ለበዓል እንዴት ነው የምትጋግሪው?

ትልቋ ለአንቺ ያስያዘችኝ ጥያቄም አለ። ድሮ በምጣድ፣ ከላይ ፍም ተደርጎበት ሲጋገር፣ ሳይከፈት መብሰሉ በምን ይታወቅ ነበር? እኔ ከሽታው ነው ብላት አልተቀበለችኝም። የተሻለ መልስ ካለሽ ጻፊላት። ከሌለሽም ከሽታው ነው በይልኝ፤ ሁለት ምስክር ስታገኝ ትጽፈዋለች።

ናፋቂ አብሮ አደግሽ