ፒራና ላላችሁ ደንበኞቻችን፦ ስለ ምግቡና ስለ ጤናው

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛችን ከሸዋ በር ደወለልን። አራቱም ፒራና ዓሦቹ ሞተው አድረዋል። ከጥቂት ቀን በፊት አይተናቸው ነበር፤ ደህና ነበሩ። ሄደን ዓሦቹ በሚኖሩበት የመስታወት ቤት (አኳሪየም) ውስጥ ያለውን ጠጠር ስናነሣ ከሥሩ የበሬ ሥጋ ቁራጭ በስብሶ አገኘን። ውኃው ይሸታል። ሰውየው በጣም አዝኗል። «እንዳይርባቸው ብዬ እኮ ነው» አለን።

ጥፋቱ የእኛም ነው። ዓሦቹን ስናስረክበው «ሥጋ ይበላል» ብለን ነበር የሸኘነው። ምን ዓይነት ሥጋ፣ ምን ያህል፣ በስንት ቀኑ የሚለውን አላስረዳነውም። ለብዙዎቻችሁም እንደዚያው አድርገናል። ለዚህ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ያኔ ልንነግራችሁ የሚገባንን ዛሬ እንጽፍላችኋለን።

ፒራና ሁልጊዜ የራበው አውሬ ነው የሚባለው ወሬ ብዙ ዓሣ አስጨርሷል። ወሬውን በዓለም ካናፈሱት ሰዎች አንዱ በ1913 እና 1914 እ.ኤ.አ. ብራዚልን የተጓዙት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። እናንተ ቤት ያለው ሆደ ቀዩ ፒራና በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ዓሣም፣ ነፍሳትም፣ ፍሬም፣ ቅጠልም እያገኘ ይበላል። ፈሪም ነው። በመንጋ የሚሄደውም በአብዛኛው ከትልልቅ አዳኞች ራሱን ለመከላከል ነው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራትና መስታወት የሚደበድብ ልጅ ያስጨንቁታል፤ የተጨነቀ ዓሣ ደግሞ አይበላም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ውኃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ውኃ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑ ይብስ ይቀንሳል፤ ለፒራና ግን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ማሞቅ ግድ ነው። በዚህ ላይ የተረፈ ሥጋ ከበሰበሰ፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ያለችውን ትንሽ ኦክስጅን ይሻሟታል። አሞኒያም ይመነጫል። ዓሣው ታፍኖም ተመርዞም ያድራል። ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት ምክር አብዛኛው የተጻፈው ለዝቅተኛ አገር ነው። እዚያ ምንም የማያደርግ ትርፍራፊ እዚህ ይገድላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከፍታችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ይሻላችኋል፤ ቢሆንም ብዙ አትተማመኑ። ሁላችሁም የአየር ፓምፑን ቀንም ሌትም አታጥፉት።

ስለዚህ በልክ አብሉ። ከጣት የማይበልጥ ልጅ ፒራና በቀን ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላል። አደግ ሲል በቀን አንዴ ይበቃዋል። 15 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስጡት። አዎ፣ በሦስት ቀን። በአምስት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ጣሉና የተረፈውን ወዲያው በመረብ አውጡ። «በኋላ ይበላዋል» አትበሉ። ለገጠር ዘመድ ጥየቃ አራት አምስት ቀን ብትሄዱ፣ ጤነኛ ትልቅ ፒራና ሳይበላ ይጠብቃችኋል። ጎረቤት አደራ ተብሎ ከሚያጠግበው ቢጾም ይሻላል።

የሚሻለው ምግብ ዓሣ ነው። ከደሴ አጠገብ ካለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጥሩ ነው። ከነቆዳው ቆርጣችሁ፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ለየብቻ በፌስታል ቋጥራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። በሁዳዴ ዓሣ ስለሚወደድ አስቀድማችሁ ብትይዙ ያዋጣል። ስትሰጡ በረዶውን አቅልጡት። ጨው፣ ዘይትና በርበሬ የነካው ነገር አይግባ። ካርፕና ጎልድፊሽ ግን የዘወትር ምግብ አይሁኑ፤ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር በሥጋቸው አለ። ፀረ ተባይ ካልተረጨ ጓሮ የተቆፈረ የምድር ትል በጣም ይወዳሉ። የተቀቀለ አተርም ሞክሩ። መጀመሪያ ሊንቁት ይችላሉ፣ ኋላ ግን አብዛኞቹ ይለምዱታል። ለሥጋ በል ዓሦች የተዘጋጀው እንክብልም ሱቃችን አለ።

የበሬና የበግ ሥጋ ይቅር። የከብት ስብ ለዓሣ ሆድ አይስማማም፤ ሲደጋገም ጉበቱን ይጎዳዋል። ከዓረፋና ከገና ማግስት ስልካችን ዕረፍት የለውም፤ እርድ ተደርጎ ዓሣውም ድርሻው ተሰጥቶት ነው። ፍቅራችሁ ይገባናል። ደስ ካላችሁ በወር አንድ ጊዜ ስቡ በደንብ የተገፈፈ የበሬ ልብ፣ ትንሽ ቁራጭ፣ ይበቃል። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ መስጠትም ይቅር። በሽታና ጥገኛ ትል ይዞ ይገባል። እኛም ከዚህ ወር ጀምሮ ለምግብ የሚሆን ሕያው ዓሣ መሸጥ አቁመናል። ገቢ ያሳጣናል፤ ግን ልክ አይደለም ብለን አምነንበታል።

በእጅ አታጉርሱ። ረጅም ጉጠት ተጠቀሙ። ልጆች ያሏችሁ ክዳኑን አጥብቁት።

ይህ የብርድ ወር ነው። የሌሊቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ፊልተሩም ይቆማሉ። ያኔ ምግብ አትስጡ። ከላይ በኩል አየር ማስገቢያ ትታችሁ ጎንና ጎኑን በጋቢ ሸፍኑት። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቢኖራችሁ ዓሣውን የሚያተርፈው እሱ ነው። መብራቱ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ከመጣ፣ ፊልተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ እጠቡት። በቧንቧ ውኃ አትጠቡት። ክሎሪኑ ቆሻሻ የሚያጣሩትን ደገኛ ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል።

ውኃ በየሳምንቱ ሩቡን ቀይሩ። የሚገባው ውኃ ክሎሪኑ የወጣለትና የሞቀ ይሁን። በፈረቃ የመጣውን ውኃ በባልዲ ቀድታችሁ በአየር ፓምፕ እያናፈሳችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ከሮቶ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ በዚህ ሰሞን በረዶ ነው። ያን ስታፈሱበት ዓሣው ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ነጭ ነጥብ ይወጣበታል።

ነጭ ነጥብ ማለት ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስለው ነው። ጥገኛ ተሕዋሲ ነው፣ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ሙቀቱን በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 30 ዲግሪ አውጡ፤ የአየር ፓምፕ ግን ጨምሩ፣ ምክንያቱን ከላይ ነግረናችኋል። ለአንድ ሊትር 2 ግራም ጨው በውኃ አሟሙታችሁ በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ አስገቡ። ነጥቡ ጠፋ ብላችሁ አትቁሙ፣ አሥር ቀን ያህል ቀጥሉ። ክንፍ ተነክሶ ከሆነ ውኃው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ብዙ ጊዜ ራሱ ያድጋል። ከአገጩ ሥር እብጠት ካያችሁ አትቁረጡት። ብዙ ጊዜ ጠባብ ቤት ውስጥ መስታወት በመግፋት የሚመጣ ነው። ጠጠሩ ላይ ጥርስ ብታገኙም አብሽሩ፤ ፒራና የአንድ ወገን ጥርሱን ባንዴ ጥሎ አዲስ ይተካል።

ከፋርማሲ የሰው አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትጨምሩ። መጀመሪያ ውኃውን አስመርምሩ። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ በፍጥነት የሚተነፍስ ከሆነ ግን ምርመራ ሳትጠብቁ ሩቡን ውኃ ቀይሩ፣ አየር ጨምሩ፣ ከዚያ ደውሉልን።

አንድ ነገር አደራ። ዓሣው ቢያድግባችሁ፣ ቤት ብትቀይሩ ወይም ቢሰለቻችሁ ቦርከና ወንዝ ውስጥ እንዳትለቁት። ሐይቅም ወስዳችሁ እንዳትጥሉት። ያ ሐይቅ ውኃው መውጫ የለውም፣ የገባበት በሽታ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ሐይቅ ዓሣ አውጥተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ማሳደግ ያልቻለ ሰው ወደ እኛ ያምጣው፤ ያለ ምንም ክፍያ፣ ለምን ሳንል እንቀበላለን።

እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ የውኃ ምርመራ በነፃ ነው። በታጠበ ሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ቀድታችሁ አምጡ። ሳሙና የነካው ጠርሙስ አይሁን። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሐረጎን መውጣት አይጠበቅባችሁም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለእድሳት ሥራ ስለምንወርድ ደውሉልንና ከቤታችሁ እንወስዳለን። ስትደውሉ ዓሣው መጨረሻ የበላው መቼ እንደሆነና ምን እንደበላ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአኳሪየም ሱቃችሁ፣ ደሴ