«በምን ይጣፍጣል?»፦ የእንግሊዝኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ያንን ያረጀ ቃል ምን ያደርግላቸዋል?» ይሉኛል። ዌርዊዝ (wherewith) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ማለታቸው ነው። እውነት ነው፣ ዛሬ በወሬ መሀል የሚጠቀምበት የለም። መዝገበ ቃላትም «ጥንታዊ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ግን ዘንድሮ ክበባችንን ያነቃቃው እሱ ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቹን ልለፋቸው። ክርክር፣ የቃላት ጨዋታ፣ ድራማ፤ እንደተለመደው። በሁለተኛው መንፈቅ ክፍላችን ለፈተና ስለተፈለገ ለጥቂት ሳምንታት ተበትነን ነበር።

ወደ ቤተ መጻሕፍት የሄድንበት ቀን ግን ለብቻው ነው። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማናት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለች። እ.ኤ.አ. በ1611 የወጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ይዛ ማቴዎስ 5፥13ን ታነባለች። ዌርዊዝ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «ጨው አልጫ ቢሆን በምን ይጣፍጣል?» ብላ በአማርኛ አጉተመተመች። ከዚያ «ቲቸር፣ በምን ማለት ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። የት እንዳለች ረስታው ነው። እኔም አልተቆጣኋትም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሰሌዳው ጋ የወጣችው እሷ ናት። «የጻፈበት እስክሪብቶ»፣ «የጻፈበት ወረቀት»፣ «የጻፈበት ቀን» ብላ ጻፈች። ለእኛ ሦስቱም «በት» ናቸው። እንግሊዝኛው ግን ይለያያቸዋል። ዌርዊዝ የእስክሪብቶው ብቻ ነው፤ መሣሪያው እሱ ነዋ! ለወረቀቱ ዌርኦን፣ ለቀኑ ዌን ይመጣል። ልጆቻችን ዌርባይን (whereby፣ «በእሱ አማካኝነት» ማለት ነው) ለቦታ የሚጽፉትም በዚሁ «በት» ሳቢያ ይመስለኛል። ዌርባይ ዛሬም የሚሠራ ቃል ነው። ቦታው ግን ከስምምነት፣ ከአሠራርና ከዘዴ ጋር ነው። ይህን አንዴ ከያዙ በኋላ ድርሰታቸውን ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬ አረፍ ብሏል።

ዌርዊዞል የሚባል ዘመድም አለው። ዛሬ በስምነት ያገለግላል። አንድን ነገር ለማድረግ የሚያስፈልግ አቅም፣ በተለይም ገንዘብ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ክበባችን የሌለው እሱን ነዋ! ዓመቱን የጨረስነው ጀርባው የተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት እየተቀባበልን ነው። የስፖርት ክበቡ አዲስ ኳስ ተገዝቶለታል፤ ይገባዋል። የእኛ ጥያቄ ግን አሁንም «ይታያል» ላይ ነው።

ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ቤታችሁ አቧራ የለበሰ መዝገበ ቃላት ካለ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። ቢያረጅም አንጠላም።