በኮታ ስለመግባት ለጻፍሽልኝ

ውድ ልጄ ሰዓዳ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ብቻ ዘንድሮ በርትቶብናል። ለምክር ቤት እጩ እንድትሆኚ ተጠይቀሽ፣ «በኮታ ገባች»፣ ማለትም ለሴቶች በተለየው ድርሻ ገባች መባልን ፈርተሽ እያመነታሽ መሆኑን ከደብዳቤሽ ተረድቻለሁ።

ሴት ሥልጣን ስትይዝ በየት በር እንደገባች መጠየቁ አዲስ አይደለም። የእኛዋ ወይዘሮ ወርቂት ወሎን ያስተዳደሩት በልጃቸው ስም ነበር። በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሪማቮ ባንዳራናይኬም እ.ኤ.አ. በ1960 የዛሬዋን ስሪላንካ መምራት የጀመሩት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ባላቸው ከተገደሉ በኋላ ነው። እኔም የሰፈራችንን ቅሬ (እድር) ገንዘብ አሥራ አንድ ዓመት ስይዝ ማንም ምንም አላለም፤ ሰብሳቢ ሆኜ ስመረጥ ግን «ሴት ስለተፈለገ ነው» ተባለ። ከእኔ በፊት የነበሩት አራቱ ሰብሳቢዎች ወንድ ስለተፈለገ ተመረጡ ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ኮታን በሚመለከት ሩዋንዳን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ በውሳኔ ሰጪ አካላት ውስጥ ቢያንስ ከመቶ 30 እጁ ለሴቶች እንዲሆን ደነገገ፤ ከ80ዎቹ የሕዝብ ተወካዮች መቀመጫዎችም 24ቱ ለሴቶች ብቻ ተለዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን የገቡት ሴቶች 45 ሆኑ፤ ሴቶች ከወንዶች የበለጡበት የመጀመሪያው የዓለም ምክር ቤትም ይኸው ነው። 24ቱን ከ45 ብትቀንሺ፣ 21ዱ ከተለዩት መቀመጫዎች ውጭ የገቡ መሆናቸውን ታያለሽ። እርግጥ መቀመጫ መያዝና መወሰን እዚያም ቢሆን አንድ አይደሉም።

ነገሩን የሚያቀለው ደግሞ የምርጫ ሥርዓታቸው ነው። እዚያ ፓርቲዎች የስም ዝርዝር አቅርበው በድምፃቸው መጠን መቀመጫ ስለሚካፈሉ፣ ሴቶችን ከዝርዝሩ አናት ማስፈር ይቻላቸዋል። በእኛ አገር ግን ለተወካዮች ምክር ቤት ከአንድ የምርጫ ክልል የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ፓርቲው ሴቷን የት እንዳቆማት ዕጣዋን ይወስነዋል። በ2011 ዓ.ም. የካቢኔው ግማሽ ሴቶች የሆኑት በሹመት ነበር፤ ሹመት በአንድ ብዕር ያልቃል፣ ምርጫ ግን እንዲያ አይደለም።

ስለዚህ ስለ ኮታው ሐሜት መጨነቁን ተዪና እጩ ሁኚ ያሉሽን ሰዎች የትኛውን የምርጫ ክልል እንደሚሰጡሽ ጠይቂያቸው፤ እናሸንፍበታለን ብለው የሚተማመኑበትን ነው ወይስ ወንዶቹ የሸሹትን? መልሳቸውን ሳትውዪ ሳታድሪ ጻፊልኝ።

እናትሽ፣ ከደሴ